ካካሜጋ፦ የምዕራብ ኬንያ ወርቅ እና ያልተዘጋው የመሬት ጥያቄ

በምዕራብ ኬንያ፣ ከኪሱሙ ከተማ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው ካካሜጋ በሁለት ነገሮች ትታወቃለች፤ በጥቅጥቅ ደኗ እና በወርቋ። ደኑ በአንድ ወቅት ከመካከለኛው አፍሪካ እስከዚህ ድረስ ተዘርግቶ ከነበረው ዝናባማ ደን የተረፈ የምሥራቅ ጫፍ ነው። ወርቁ ደግሞ በ1931 ወሬው ከተሰማ ወዲህ የተለያዩ ፈላጊዎችን በየተራ ወደዚህ ሥፍራ ሲጠራ ኖሯል። መጀመሪያ ነጭ ሰፋሪዎችና የለንደን ባለአክሲዮኖች መጡ። እነርሱ ሲሄዱ የአካባቢው ነዋሪዎች በእጅ መቆፈር ያዙ። በዚህ ክፍለ ዘመን ደግሞ የመሰርሰሪያ ማሽን የያዙ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ተመልሰዋል።

ከእነዚህ ዙሮች አንዱንም ያስጀመረው በድንጋዩ ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም። ወርቁ ባለበት ተቀምጧል። የተለዋወጡት የወርቅ ዋጋ፣ የመፈለጊያው መሣሪያ እና የመሬት ሕጉ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር የተነሣው ዋና ጥያቄ፣ ማለትም ወርቁ ከእርሻው ሥር የተገኘበት ገበሬ ምን ያገኛል የሚለው፣ ዛሬም በካካሜጋ መንደሮች እየተጠየቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1931 ግኝት

የካካሜጋ ወርቅ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ኤል ኤ ጆንሰን በተባለ አሜሪካዊ ሰፋሪ ገበሬ ነው። ዘመኑ የዓለም ኢኮኖሚ የተንኮታኮተበት ነበር። የበቆሎና የቡና ዋጋ ወድቆ በኬንያ ደጋማ ቦታዎች የሰፈሩ ነጭ ገበሬዎች ዕዳቸውን መክፈል ተስኗቸዋል። ጆንሰን በ1931 በዚያን ጊዜ ሰሜን ካቪሮንዶ ይባል በነበረው የዛሬው ካካሜጋ አካባቢ የወንዝ ደለል በገበቴ አጥቦ ወርቅ አገኘ።

ወሬው የተሰማበት ጊዜ ለፍለጋው የተመቸ ነበር። ብሪታንያ በመስከረም 1931 ገንዘቧን ከወርቅ ጋር ያስተሳሰረውን ሥርዓት በመተዋ፣ የወርቅ ዋጋ በፓውንድ ሲሰላ ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። በ1934 ደግሞ አሜሪካ የአንድ አውንስ ወርቅን ይፋዊ ዋጋ ከ20.67 ዶላር ወደ 35 ዶላር አሳደገች። ሌላው ሸቀጥ ሁሉ ሲረክስ ወርቅ ብቻ ተወደደ። እርሻቸው የከሰረባቸው ሰፋሪዎች በመቶዎች እየሆኑ ድንኳናቸውን በወንዞቹ ዳር ተከሉ፤ ቁፋሮውንና ሸክሙን ግን በአመዛኙ ተቀጥረው የሠሩት የአካባቢው ሉህያዎች ነበሩ።

የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ግኝቱን የሚመዝን ባለሙያ ፈለገ። በ1932 ወደ ሥፍራው የተላኩት ሰር አልበርት ኪትሰን በናይጄሪያ የኡዲ የድንጋይ ከሰልን፣ በጎልድ ኮስት ማለትም በዛሬዋ ጋና ደግሞ ማንጋኒዝና አልማዝ በማግኘት የታወቁ የሥነ ምድር ሊቅ ነበሩ። በኬንያ ራሱን የቻለ የማዕድንና የሥነ ምድር መሥሪያ ቤት የተቋቋመውም በዚሁ ግፊት በ1933 ነው። አገሪቱ የመሬት ውስጥ ካርታዋን በሥርዓት ማዘጋጀት እንድትጀምር ያደረጋት የካካሜጋ ወርቅ ነው ማለት ይቻላል።

“ለዘላለም” የተባለው መሬት

ወርቁ የተገኘበት ሥፍራ ሰው አልባ ምድረ በዳ አልነበረም። በቅኝ ግዛቱ ሕግ “የተወላጆች ክልል” ተብሎ የተከለለ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የእርሻ መሬቶች አንዱ ነበር። ግኝቱ ከመሰማቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1930፣ የኬንያ መንግሥት ለአፍሪካውያን ትልቅ ዋስትና ተደርጎ የቀረበ የመሬት አዋጅ አውጥቶ ነበር። አዋጁ የተከለሉት መሬቶች ለዘላለም ለተወላጆች ጥቅም እንደሚውሉ ደነገገ። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከክልሉ መሬት መውሰድ ቢያስፈልግ፣ በምትኩ ተመጣጣኝ መሬት እንዲጨመርና የአካባቢው ተወላጆች ምክር ቤት ሐሳብ እንዲሰማ ግዴታ ጣለ።

ወርቁ ይህን ቃል ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈተነው። በታኅሣሥ 1932 አዋጁ በችኮላ ተሻሻለ። ለማዕድን ሥራ መሬት ሲወሰድ ምትክ መሬት መስጠቱ ቀረ፤ የገንዘብ ካሳ በቂ ነው ተባለ። የተወላጆችን ምክር ቤት አስቀድሞ የማማከሩ ግዴታም ተነሣ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት መሬቱ የሚወሰደው ለጊዜው መሆኑን፣ በተጨናነቀው አካባቢ ደግሞ ምትክ መሬት ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን የሚያወሳ ነበር።

ማሻሻያው በለንደን ቁጣ አስነሣ። በ1933 መጀመሪያ ጉዳዩ ለብሪታንያ ፓርላማ ቀርቦ አከራከረ። የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ሰር ፊሊፕ ከንሊፍ ሊስተር የኬንያን መንግሥት ውሳኔ ደግፈው ተሟገቱ። ራሳቸው የቅኝ አገዛዝ አርበኛ የነበሩት ሎርድ ሉጋርድ ሳይቀሩ ከተቺዎቹ ጎን ቆሙ። ክርክሩ ያተኮረው መንግሥት ለተገዢዎቹ የገባው ቃል ዋጋ ሲወጣለት መሰረዝ ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ነበር። ማሻሻያው ግን ጸና።

በካካሜጋ የተተወው ትዝታ ከወርቁ ይልቅ የዚህ አዋጅ ነው። በዚያን ዘመን በሰሜን ካቪሮንዶ የተቋቋሙ የሉህያ የፖለቲካ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ዋና ስጋቶች መካከል የመሬት መነጠቅን አስቀምጠዋል። ነጮች ወርቁን ጨርሰው ይሄዳሉ ወይስ መሬቱን ይዘው ይቀራሉ የሚለው ጥርጣሬ፣ የወንዝ ዳር ድንኳኖቹ ከተነቀሉ በኋላም አብሮ አልተነቀለም።

ድንጋዩ የሚናገረው

የካካሜጋ ወርቅ የተቀመጠበት ድንጋይ በአፍሪካ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተዘረጋውን ይህን ጥንታዊ የመሬት ቅርፊት በትልልቅ የወርቅ ማዕድኖቹ ያውቁታል። በታንዛኒያ የሚገኘው የጌይታ ማዕድን የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዕድሜው በግምት 2.7 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን አብዛኛው ወርቅ የሚገኝባቸው የዐረብ-ኑቢያ ጋሻ ድንጋዮች ዕድሜያቸው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በታች በመሆኑ “ወጣት” ናቸው።

በካካሜጋ ዋና ዋናዎቹ የድንጋይ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ከሥር ያለው ኒያንዚያን የሚባለው ክፍል ነው፤ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠራ ባዛልትና ዘመዶቹን ይዟል። በሙቀትና በግፊት ብዛት በውስጡ የተፈጠሩት ማዕድናት አረንጓዴ መልክ ስለሰጡት፣ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች በባለሙያዎች ዘንድ የአረንጓዴ ድንጋይ ቀበቶ ይባላሉ። ከላዩ ካቪሮንዲያን የተሰኘው ክፍል አለ፤ ከአሸዋ፣ ከጭቃና ከጠጠር የተጠናከረ ደለል ድንጋይ ነው። ሁለቱን ከታች ሰንጥቆ የወጣው ሦስተኛው ግራናይት ነው። ከካካሜጋ ወደ ኪሱሙ የሚጓዝ መንገደኛ ይህን ግራናይት በዐይኑ ያየዋል፤ በማራጎሊ ኮረብቶች ላይ እርስ በርስ ተደራርበው የቆሙት ግዙፍ ቋጥኞች፣ በኢሌሲ አቅራቢያ ከአናቱ ውኃ የሚያፈስሰው “የሚያለቅሰው ድንጋይ”ም ጭምር፣ የዚህ አካባቢ መለያ ናቸው።

ወርቁ የመጣው ከእነዚህ ድንጋዮች መታጠፍና መሰንጠቅ ጋር ነው። ምድር ስትጨመቅ በጥልቀት ውስጥ የነበረ ትኩስ ውኃ በስንጥቆች በኩል ወደ ላይ ተገፋ። ይህ ውኃ ጥቂት ወርቅ ከድኝ ጋር አጣምሮ ተሸክሞ ነበር። በብረት የበለጸገውን ባዛልት ሲያገኝ ድኙ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ፓይራይት የተባለውን፣ ወርቅ መሳይ ቢጫ ማዕድን ሠራ። ድኙን ያጣው ወርቅ ውኃው ውስጥ መቆየት ስላልቻለ በዚያው ተራገፈ። ስንጥቆቹ ራሳቸው ኳርትዝ በተባለ ነጭ ድንጋይ ተሞልተው እንደ ደም ሥር በአለቱ ውስጥ ቀሩ። ፈላጊዎች የድንጋይ ዓይነቶቹ የሚገናኙበትን ወሰንና የተሰነጣጠቀውን መስመር የሚከተሉት ለዚህ ነው። ወርቁ የተከማቸው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የጨረሰው ዝናብ ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ባለው ሙቀትና ዝናብ አለቱ እስከ ብዙ ሜትር ድረስ በስብሶ ቀይ አፈር ሆነ። የማይበሰብሰው ወርቅ ከአፈሩ ተለይቶ ቀስ በቀስ ወደ ያላና ወደ ኢሲዩኹ ወንዞች ወረደ። የ1931 ፈላጊዎች መጀመሪያ የነኩት ይህን የደለል ወርቅ ነው። ልምድ ያለው ፈላጊ ደለሉን በገበቴ እያጠበ ወንዙን ወደ ላይ ይከተላል። የወርቅ ቅንጣት የጠፋበት ቦታ ላይ ሲደርስ ምንጩን አልፎታል ማለት ነው፤ ዞር ብሎ ኮረብታውን ይቆፍራል።

ሮስተርማን

የደለሉ ወርቅ ቶሎ አለቀ። ቀጥሎ የመጣው የኳርትዙ ተራ ነበር፤ ይህ ደግሞ ጉድጓድ፣ መፍጫ፣ ፓምፕና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ገበቴ የያዙት ሰፋሪዎች ቀስ በቀስ ለኩባንያዎች ቦታ ለቀቁ። ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያገኘው በካካሜጋ ከተማ አቅራቢያ የነበረው የሮስተርማን ማዕድን ነው። ከ1935 እስከ 1952 በሠራባቸው ዓመታት 250 ሺህ አውንስ ገደማ፣ ማለትም ወደ 8 ቶን የሚጠጋ ወርቅ አውጥቷል።

ሮስተርማን የተዘጋበት ምክንያት በሌሎች የዘመኑ ማዕድኖችም የታየ ነው። ከ1934 ጀምሮ የአንድ አውንስ ዋጋ በ35 ዶላር ተቸንክሮ ሲቆይ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማሽን፣ የነዳጅና የደሞዝ ወጪ እየጨመረ ሄደ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ውኃ የመሳቡና ድንጋይ የማንሣቱ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ማዕድኑ በተዘጋ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1954፣ ኤ ሃድልስተን የተባሉት የመንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያ የካካሜጋ ወረዳን ካርታና ዝርዝር ዘገባ አሳተሙ። ዘገባው ለተዘጋው ምዕራፍ መዝገብ፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ለመጡት ደግሞ መነሻ ሆነ።

በእጅ የሚቆፈረው ወርቅ

ኩባንያዎቹ ሲሄዱ ወርቁ ለአካባቢው ሕዝብ ቀረ። በሮስተርማን፣ በኢኮሎማኒና በሺንያሉ አካባቢዎች ነዋሪዎች የድሮዎቹን ጉድጓዶች ከፍተው፣ አዳዲሶችንም ቆፍረው መሥራት ቀጠሉ። ወንዶች በገመድ ወደ ጉድጓድ ይወርዳሉ፤ የወጣው ድንጋይ ይፈጫል፤ ከዚያም በውኃ ይታጠባል። በመውቀጡና በማጠቡ ሥራ ላይ ሴቶች በብዛት ይገኛሉ። ከድንጋይ ዱቄቱ ወርቁን ለመለየት ሜርኩሪ ይጨመራል። ሜርኩሪው ከወርቁ ጋር ተጣብቆ ከወጣ በኋላ በእሳት ሲተን ወርቁ ብቻ ይቀራል። የተነነውን የሚተነፍሰው ግን ሠራተኛውና ቤተሰቡ ነው፤ የተረፈውም ወደ ወንዝ ይገባል። በዝናብ ወቅት የሚደረመሱ ጉድጓዶች የሰው ሕይወት የሚቀጥፉበት አጋጣሚ ተደጋግሞ ታይቷል።

ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት በሕግ ዐይን ሕገወጥ ወይም ግልጽ ደረጃ የሌለው ነበር። የ2016ቱ የኬንያ የማዕድን ሕግ ለባህላዊ ወርቅ አውጪዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን አሠራር በመደንገግ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቅና ሰጣቸው። በሕጉ መሠረት ይህ ፈቃድ ለኬንያውያን ብቻ የተተወ ነው።

ኩባንያዎች ሲመለሱ

በ1971 ዶላር ከወርቅ ጋር የነበረው ትስስር ሲቋረጥ የወርቅ ዋጋ በገበያ መወሰን ጀመረ። በ2000ዎቹ ዋጋው ሲያሻቅብ የተተዉ ሥፍራዎች ሁሉ እንደገና መታየት ያዙ። በካካሜጋ ፈቃዱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ2012 አፍሪካን ባሪክ ጎልድ የአውስትራሊያውን አቪቫን የኬንያ ይዞታ ገዛ፤ ኩባንያው በ2014 ስሙን አካሺያ ማይኒንግ አለ። በ2019 ባሪክ አካሺያን ጠቀለለው። በ2020 ደግሞ በታንዛኒያ ወርቅ ያወጣ የነበረው ሻንታ ጎልድ የምዕራብ ኬንያውን ፕሮጀክት ከባሪክ ገዛ።

የእነዚህ ዓመታት ዋነኛ ውጤት በሊራንዳ ኮረብታ አካባቢ የሚያልፈው፣ ሊራንዳ ኮሪደር የተባለው መስመር ነው። በኢሱሉና በቡሺያንጋላ መንደሮች ሥር ቀጠን ያሉ፣ ወደ ታች ቀጥ ብለው የሚወርዱ፣ ወርቃቸው ግን የበዛ የድንጋይ ሥሮች ተገኙ። የ1930ዎቹ ፈላጊዎች በዚህ አካባቢ አልፈዋል፤ ከላይ የሚታየውንም ጭረዋል። ከወፍራሙ ቀይ አፈር ሥር በጥልቀት ያለውን ግን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበራቸውም። አዲሶቹ ፈላጊዎች የአፈር ናሙና በቤተ ሙከራ መረመሩ፤ የምድርን መግነጢስ ከአየር ለኩ፤ ከዚያም በአልማዝ ጥርስ መሰርሰሪያ ከመቶ ሜትሮች ጥልቀት ረጃጅም የድንጋይ ዘንጎች አወጡ። የወርቁ መጠን የተሰላው ከእነዚህ ዘንጎች ነው።

ቁጥሮቹን እንዴት ማንበብ ይገባል?

በ2025 መጨረሻ ለሕዝብ በቀረበው የኩባንያው ሰነድ ላይ ተመሥርተው የኬንያ መገናኛ ብዙኃን በኢሱሉና ቡሺያንጋላ 1.27 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ወርቅ መኖሩን፣ ዋጋውም ከ680 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ እንደሚሆን ዘግበዋል። እንዲህ ያለ ዜና በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን አንባቢ የተለመደ በመሆኑ ቁጥሩ ምን እንደያዘና ምን እንዳልያዘ መለየት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ፣ ይህ መጠን ከመሬት በታች አለ ተብሎ የተገመተ ሀብት ነው። ግምቱ በናሙናዎች መካከል ያለውን ያልተቆፈረ ድንጋይ በስሌት ይሞላል። አትርፎ ሊወጣ እንደሚችል በዝርዝር ጥናት የተረጋገጠው ክፍል “ክምችት” ይባላል፤ እርሱም ሁልጊዜ ከአጠቃላይ ሀብቱ ያንሳል።

ሁለተኛ፣ የተጠቀሰው የሽልንግ መጠን ወርቁ በሙሉ በዕለቱ ዋጋ ቢሸጥ የሚገኘው ነው፤ ጉድጓድ የመቆፈሩ፣ ድንጋዩን የመፍጨቱ፣ የብድሩ፣ የካሳውና ሥፍራውን መልሶ የማደሱ ወጪ አልተቀነሰለትም። የካካሜጋ ድንጋይ በአንድ ቶን በአማካይ 10 ግራም ገደማ ወርቅ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በገላጣ ጉድጓድ የሚሠሩ ብዙ ማዕድኖች በአንድ ወይም በሁለት ግራም ስለሚያተርፉ፣ ይህ በሙያው ቋንቋ እጅግ ባለጸጋ የሚባል ነው። ሆኖም 10 ግራም ወርቅ መጠኑ ከአንድ ባቄላ አይበልጥም። ለዚያች ባቄላ አንድ ቶን ድንጋይ ከምድር ሥር ወጥቶ ይፈጫል፤ ትራፊውም የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል።

ቦታው ደግሞ ሰው አለበት። በዚሁ ሰነድ መሠረት ለማዕድኑ ከ300 ኤከር በላይ መሬት ያስፈልጋል፤ 800 ገደማ አባወራዎችም ከቀያቸው ይነሣሉ። ዕቅዱ በኢኮሎማኒ ተቃውሞ ገጥሞታል። ተቃውሞው ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። ባለመሬቶች የካሳውን መጠንና የሚዛወሩበትን ሥፍራ ይጠይቃሉ። በእጅ የሚቆፍሩት ደግሞ መተዳደሪያቸው በአጥር ውስጥ እንዳይቀር ይሰጋሉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

የዛሬው ሕግ እና የ1932 ጥላ

የዛሬዋ ኬንያ ሕግ ከቅኝ ግዛቱ ዘመን በብዙ ይለያል። የ2010 ሕገ መንግሥት መንግሥት የግል መሬት ሲወስድ ፍትሐዊና ሙሉ ካሳ በአፋጣኝ እንዲከፍል ያዛል። ከትልልቅ ፕሮጀክቶች በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት መደረግና ሕዝቡ መሰማት አለበት። በ2016ቱ የማዕድን ሕግ መሠረት ከማዕድን ከሚሰበሰበው የሮያሊቲ ክፍያ 70 በመቶው ለማዕከላዊ መንግሥት፣ 20 በመቶው ለካውንቲው፣ 10 በመቶው ማዕድኑ ለሚወጣበት ማኅበረሰብ ይደርሳል። በ1932 እንዲህ ያለ ድርሻ አልነበረም።

ሁለት ነገሮች ግን አልተለወጡም። ከመሬት በታች ያለው ማዕድን ያኔ የዘውዱ ነበር፤ ዛሬ የመንግሥት ነው። ገበሬው የላዩ አፈር ባለቤት ሆኖ የሥሩ ባለቤት አይደለም። ሁለተኛው ምትክ መሬት ነው። “መሬት በመሬት ይተካ” የሚለው የ1930 ድንጋጌ ከተሰረዘ ወዲህ የካሳው መለኪያ በዋናነት ገንዘብ ሆኖ ቆይቷል። በምዕራብ ኬንያ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኤከር አያልፍም፤ የሙታን መቃብርም በግቢው ውስጥ ነው። በተጨናነቀ አካባቢ ገንዘብ የያዘ ሰው እኩያ መሬት በአቅራቢያው አግኝቶ ለመግዛቱ ዋስትና የለውም። የ1930 ሕግ አውጪዎች ምትክ መሬትን በአዋጁ ውስጥ ያስገቡት፣ የ1932ቱ ደግሞ አይቻልም ብለው ያወጡት በዚሁ አንድ ምክንያት ነበር።

የማዕድን ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ሮስተርማን በካካሜጋ ታሪክ ትልቁ ማዕድን ሆኖ የሠራው 17 ዓመት ነው። በዙሪያው ያሉት ማሳዎች ከእርሱ በፊት ይታረሱ ነበር፤ ከተዘጋም ወዲህ ከ70 ዓመታት በላይ ታርሰዋል። በኢሱሉና በቡሺያንጋላ የሚደረገው ድርድር የሚመዝነው ይህን ነው፤ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ወጥቶ በሚያልቅ ወርቅ እና ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚተላለፍ አፈር መካከል ያለውን ልዩነት።